የማረጥ ጊዜና ኤስትሮጅን የተባለው መድኃኒት

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ነገር በአገራችን ልማድ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። እናት ለልጅዋ፥ ሚስትም ለባልዋ ገልጣ የማትነግረው፥ በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ከአንዲት የልብ ወዳጅ በቀር የሚሰማው የሌለ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድሜ የተሰጣት ሴት ሁሉ የምታልፍበት መንገድ ስለ ሆነ፥ በዝምታውም ምክንያት አንዳንዶቹ ሊቀልላቸው የሚችለውን ሥቃይ ለዓመታት ስለሚሸከሙ፥ ሌሎቹም መድኃኒቱን ያለ ምርመራ እየወሰዱ ራሳቸውን ስለሚጎዱ፥ ነውር ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። ወንዶች አድማጮችም የእኛ ጉዳይ አይደለም ብላችሁ ራዲዮናችሁን እንዳትዘጉ፥ ይህም ንግግር በጋዜጣ ታትሞ ሲደርሳችሁ ገጹን እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ፤ እናት፥ ሚስት፥ እኅት ወይም የሥራ ባልደረባ የሌለው ሰው ከመካከላችሁ አይገኝምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማኅፀን ግራና ቀኝ የሚገኙት ሁለቱ እንቁላል አመንጪ ዕጢዎች፥ ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰችበት ጊዜ ጀምሮ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይልካሉ። ሆርሞን ማለት በደም ተሳፍሮ ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዕድሜ ወደ አምሳ ሲጠጋ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ቀስ በቀስ ይተዋሉ፤ የወር አበባም አንዳንድ ጊዜ ይበዛል፥ አንዳንድ ጊዜ ይዘላል፥ በመጨረሻም ይቀራል። ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይታይ ከቀረ ሴትዮዋ አረጠች ይባላል። ይህ በብዙዎች ዘንድ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚሆን ነው፤ ከ40 ዓመት በፊት ሲሆን ግን የተለመደ ስላልሆነ ሐኪም ሊመረምረው ይገባል።

ኤስትሮጅን ሲጎድል በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠረው ክፍል ሚዛኑ ይዛባል። ሙቀቱ በጥቂቱ ከፍ ሲል እጅግ የበዛ መስሎት የቆዳ ደም ሥሮች እንዲሰፉና ላብ እንዲወርድ ያዝዛል። እንግዲህ አንዲት የክፍል ሹም በስብሰባ መካከል ሪፖርትዋን በማንበብ ላይ ሳለች፥ የእሳት ወላፈን እንደ መታው ሰው ፊትዋና አንገትዋ ቢግል፥ ግንባርዋም በላብ ቢጠመቅ፥ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ፈርታለች ይላል፥ ሌላውም ያልተዘጋጀችበት ነገር ነው ብሎ ይታዘባታል። እርስዋ ግን ሪፖርትዋን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ያስጨነቃት የመስኮቱ መዘጋት ብቻ ነው። ሌሊትም ይኸው ነገር እየተመላለሰ አንሶላውን እስኪያርስ ድረስ ከእንቅልፍዋ ይቀሰቅሳታል። እንዲህ ሦስትና አራት ሌሊት ያልተኛ ሰው በአምስተኛው ቀን ፊደል ቢያሳስት ወይም ቢቈጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት የሚያልፍ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በአሜሪካ አገር ብዙ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፥ ሙቀቱ ከሚደጋገምባቸው ሴቶች እኩሌቶቹ ከሰባት ዓመት በላይ ያዩታል። ከዚህም ሌላ የብልት መድረቅ፥ በግብረ ሥጋ ጊዜ ሕመም፥ የሽንት መደጋገምና ማቃጠል ይመጣል፤ ይህኛው እንደ ሙቀቱ በጊዜ ብዛት የሚተው ሳይሆን እየባሰ የሚሄድ ነው።

ሆኖም ሌሊት የሚያልበው ሰው ሁሉ አርጦ አይደለም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳም ሌሊት ያስልባል፥ ወባም ያስልባል፥ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ሙቀትና የልብ መምታት ያመጣል። ሳል ወይም ትኩሳት ካለ፥ ሰውነትም ከከሳ፥ ዕድሜዋ አምሳ ስለ ሆነ ብቻ የማረጥ ነው ብሎ መደምደም አደጋ አለው። ደግሞም ሙቀቱ ቀላል የሆነላት ሴት መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ ማረጥ በሽታ አይደለምና።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምጠቅስ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ1942 ከእርጉዝ ባዝራዎች ሽንት የተጣራ፥ ፕሪማሪን የተባለ የኤስትሮጅን ክኒን በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም አንድ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ማረጥ በመድኃኒት የሚድን ጕድለት ነው፥ ኤስትሮጅን የወሰደች ሴትም ሴትነትዋ አያረጅም እያለ ሰበከ። መጽሐፉ በብዙ ቅጂ ተሸጠ፤ ክኒኑም እንዲሁ። ይህ ሰው ለሴቶች ያዘነ ቢመስልም፥ ሴት ልጅ በተፈጥሮ ዕድሜዋ ብትገፋ እንደ ተበላሸ ዕቃ መቍጠሩ በእኔ አስተያየት ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚጎዳ ሐሳብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቈይቶ በ1975 በአንድ ታላቅ የሕክምና መጽሔት ሁለት ጥናቶች ባንድነት ወጡ፤ ኤስትሮጅንን ለብቻው የወሰዱት ሴቶች የማኅፀን ግድግዳ ነቀርሳ፥ ማለት ካንሰር፥ ካልወሰዱት ይልቅ በአንደኛው ጥናት 4.5 እጥፍ፥ በሁለተኛውም 7.6 እጥፍ ያህል በርክቶባቸው ተገኘ።

ምክንያቱን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ የአጠቃቀሙ ዋና ሕግ ከዚህ የሚወጣ ነውና። ኤስትሮጅን የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳድገዋል፥ ያወፍረዋል። በወጣትነት ጊዜ ግን ፕሮጄስቴሮን በየወሩ እየተከተለው ዕድገቱን ይገታል፥ ሽፋኑም በወር አበባ መልክ ይወርዳል። ኤስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ እንግዲህ ነዳጁን እየረገጡ ፍሬኑን እንደ መንቀል ያለ ነገር ነው፤ ሽፋኑ ሳይወርድ እየወፈረ ሄዶ አንድ ቀን ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ማኅፀን ያላት ሴት ለሙቀቱ ብላ ኤስትሮጅን በክኒን ወይም በቆዳዋ በኩል ስትወስድ ፕሮጄስቴሮንን ወይም ያንኑ የሚመስል መድኃኒት አብራ መውሰድ አለባት፤ ይኸውም ወይ በየቀኑ ነው፥ ወይም ሐኪሙ እንዳዘዘው በየወሩ ከዐሥራ ሁለት ቀን ላላነሰ ጊዜ ነው። በቀዶ ሕክምና ማኅፀንዋ የወጣላት ሴት ግን ኤስትሮጅኑን ብቻውን ብትወስድ ስለ ማኅፀን ነቀርሳ የምትሠጋበት ነገር አይኖርም። አንዳንዶች ሁለተኛው ክኒን ጡት ያሳብጣል ወይም ድብታ ያመጣል ብለው አስቀርተው የመጀመሪያውን ብቻ የሚቀጥሉ አሉ፤ ይህ ከሚደረጉት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ክኒኑ ካልተስማማ ዐይነቱ ይለወጣል እንጂ አይተውም።

ሁለቱን ባንድነት መስጠት ከተለመደ በኋላ፥ መድኃኒቱ ልብንም ይጠብቃል የሚል እምነት ተስፋፋ። የአሜሪካ መንግሥትም እምነቱ እውነት መሆኑን ለማጣራት ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 16,608 ሴቶች መርጦ፥ እኩሌቶቹ መድኃኒቱን፥ እኩሌቶቹም መልኩ እንደ መድኃኒቱ የሆነ ነገር ግን ኃይል የሌለው ክኒን እንዲወስዱ አደረገ። በሐምሌ 2002 ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። መድኃኒቱ ልብን አልጠበቀም፤ የጡት ነቀርሳም በ26 በመቶ ጨመረ ተባለ። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ በትልልቅ ፊደል ወጣ። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ፥ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ፤ ሙቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ግን ተመልሶ መጣባቸው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ ሪፖርትና መቶኛ ስታገላብጡ የምትውሉ ስለ ሆናችሁ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቈም ብላችሁ እንድትመለከቱ እፈልጋለሁ። ሃያ ስድስት በመቶ ከምን ላይ ነው? ኃይል የሌለውን ክኒን ከወሰዱት 10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት የጡት ነቀርሳ የያዛቸው 30 ነበሩ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 10,000 መካከል ደግሞ 38 ሆኑ። ልዩነቱ 8 ሴቶች ናቸው። ስትሮክ የመታቸውም እንዲሁ በ8 በለጡ፤ የረጋ ደም ሳንባቸውን የዘጋባቸውም በ8 በለጡ፤ የልብ ሕመም በ7 ጨመረ። በሌላ ወገን ዳሌያቸው የተሰበረ በ5፥ የአንጀት ነቀርሳ የያዛቸውም በ6 አነሱ። ከስምንቱ አንዲቱ ለሆነችው ሴት ቍጥሩ ትንሽ ነው ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ውሳኔ የሚሰጥ ሰው መቶኛውን ብቻ ሰምቶ መፍራትም መድፈርም አይገባውም።

ሌላም ያልተስተዋለ ነገር ነበረ። የእነዚያ ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙት ከሦስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነበሩ። ከማረጣቸው ብዙ ዓመት ያለፋቸው፥ የልብና የአንጎል ደም ሥራቸውም በዕድሜ የደደረ፥ ለሙቀትም ሳይሆን በሽታን አስቀድሞ ለመከላከል ሲባል መድኃኒት የተሰጣቸው ነበሩ። በ2004 የተቋረጠው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ማኅፀናቸው የወጣላቸውን 10,739 ሴቶች ኤስትሮጅን ብቻ እየሰጠ ሲከታተል፥ ስትሮክ ቢጨምርም የጡት ነቀርሳ አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ የቀጠለው ምርመራ ነገሩን ወደ አንድ ፍርድ አድርሶታል፤ ይኸውም ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነች፥ ወይም ካረጠች ዐሥር ዓመት ያልሞላት፥ ሙቀቱም የሚያሠቃያት፥ ሌላም ከልካይ በሽታ የሌለባት ሴት ከመድኃኒቱ የምታገኘው ጥቅም ከጕዳቱ ያመዝናል የሚል ነው። ከ60 በላይ ሆና፥ ወይም ካረጠች ከዐሥር ዓመት በኋላ አዲስ ልጀምር ብትል ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በ2025 መጨረሻ ገደማም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ስለ ልብ፥ ስለ ጡት ነቀርሳና ስለ አእምሮ መድከም ተጽፎ የኖረው ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ መወሰኑን አስታውቋል። ኤስትሮጅንን ለብቻው መውሰድ የማኅፀን ነቀርሳ ያመጣል የሚለው ግን በቦታው እንዲቈይ ተደርጓል፤ በ1975 የተገኘው እውነት እስከ ዛሬ አልተሻረምና።

ለማን ነው የሚከለከለው? የጡት ወይም የማኅፀን ነቀርሳ ላለባት ወይም ለነበረባት፥ በእግርዋ ወይም በሳንባዋ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፥ ስትሮክ ወይም የልብ ድካ ለመታት፥ ጉበትዋ ለታመመ፥ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማኅፀንዋ ለሚፈስሳት ሴት አይሰጥም። የደም ግፊት ያለባትም ግፊትዋን አስቀድማ ማስተካከል አለባት። እንግዲህ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ይህን ሁሉ ሳትደብቁ መናገር፥ ጡትን መመርመርና ግፊትን መለካት ግዴታ ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ማዘዣ ቢጽፍላችሁ እናንተ ጠይቁት፤ ማፈር የሚገባው እርሱ ነው።

መድኃኒቱ የሚወሰድበትም መንገድ ልዩነት አለው። ክኒን ሲዋጥ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል፤ ጉበትም በዚህ ተነሣሥቶ ደምን የሚያረጉትን ነገሮች አብዝቶ ይሠራል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ግን በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገባ ጉበትን እንዲህ አያነሣሣም። በፈረንሳይ አገር የተደረጉ የምልከታ ጥናቶችም በቆዳ በኩል የሚወሰደው የደም መርጋትን እንዳላበዛ አሳይተዋል። ስለዚህ ለወፍራም ሴት፥ ወይም በደም መርጋት ልትጠቃ ትችላለች ተብላ ለምትሠጋ ሴት፥ ሐኪሞች በቆዳ የሚሰጠውን ይመርጣሉ። በየመድኃኒት ቤቱ ላይገኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የተገኘውን ልውሰድ ከማለት በፊት ሐኪሙን ተመልሶ ማማከር ይሻላል። ሕመምዋ የብልት መድረቅ ብቻ ለሆነች ሴት ደግሞ በዚያው ስፍራ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ቅባት ወይም እንክብል ይበቃታል፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ፕሮጄስቴሮን አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምላችሁ ስለ ደም ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮንን በየቀኑ ባንድነት የጀመረች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስትና ስድስት ወራት ጥቂት የደም ጠብታ ብታይ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ፥ የሚበዛ፥ ወይም ቆሞ ሳለ እንደ ገና የሚጀምር ደም ግን ወጣትነቴ ተመለሰ ተብሎ ደስ የሚሰኙበት አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ የሚኬድበት ነው። መድኃኒት ያልወሰደችም ሴት ብትሆን፥ ካረጠች በኋላ አንዲት ጠብታ ደም ያየች እንደሆነ መመርመር አለባት። በአገራችን በሴቶች ላይ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ነቀርሳ ነው፤ ከምልክቶቹም አንዱ ይኸው ደም ነው። እንዲሁም የአንድ እግር ባት ቢያብጥና ቢያም፥ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር፥ ደረት ቢወጋ፥ አንደበት ቢተሳሰር ወይም አንድ ወገን ቢዝል፥ ሳይውል ሳያድር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መድረስ ነው።

የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ የሚባለውን ልማድ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ልጅዋ የምትወስደውን የወሊድ መከላከያ ክኒን ያው ሆርሞን ነው ብላ የምትውጥ እናት ትኖራለች። በብዙዎቹ የመከላከያ ክኒኖች ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ዐይነቱ ሌላ ነው፥ ኃይሉም ለማረጥ ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል፤ በአምሳ ዓመትዋ ሲጋራ የምታጨስ ወይም የደም ግፊት ያለባት ሴት ብትወስደው ደምዋ ሊረጋ ይችላል። በተቃራኒውም ለማረጥ የሚሰጠው መድኃኒት እርግዝናን አይከለክልም። የወር አበባዋ ገና ጨርሶ ያልቀረ ሴት ልታረግዝ ስለምትችል መከላከያውን ለብቻው ማሰብ አለባት። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ደግሞ የኤስትሮጅንን ኃይል ስለሚቀንሱት፥ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ቈጥራችሁ ንገሩት።

ይህ ቅጠል ፈወሰኝ፥ ያኛው ሥር አዳነኝ ስትባሉም አትሳቁ፥ ነገር ግን አትቸኵሉ። በብዙ ጥናቶች እንደ ታየው ኤስትሮጅን የሙቀቱን ድግግሞሽ ኃይል ከሌለው ክኒን ይልቅ በሦስት አራተኛ ያህል ይቀንሰዋል፤ የሚያስደንቀው ግን ኃይል የሌለውን ክኒን የወሰዱትም ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰላቸው መናገራቸው ነው። ሙቀቱ በራሱም ጊዜ ይቀንሳል፥ ተስፋም ይረዳል፤ ስለዚህ የአንዲት ወዳጅ ምስክርነት ቅጠሉ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። ኤስትሮጅን ለተከለከለች ሴት ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ፤ ለድብርት ከሚሰጡት አንዳንዶቹ በአነስተኛ መጠን ሙቀቱን ያበርዳሉ፤ በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ፌዞሊኔታንት የተባለውም በዚያው በአንጎል የሙቀት መቈጣጠሪያ ላይ ይሠራል፥ ነገር ግን ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በደም ምርመራ ይጠበቃል።

ለስንት ጊዜ ይወሰዳል ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ለሁሉ የሚሆን የተቈረጠ ዓመት የለም። ሥቃዩን ለማቅለል በሚበቃው አነስተኛ መጠን ይጀመራል፤ ከሦስት ወር ያህል በኋላ ውጤቱ ይታያል፤ ከዚያም በየዓመቱ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ አሁንም ያስፈልጋል ወይ ብሎ መመርመር ነው። ሁለቱን ሆርሞኖች ባንድነት የምትወስድ ሴት ዓመቱ በረዘመ ቍጥር የጡት ነቀርሳው ሥጋት ስለሚጨምር ጥያቄው ለእርስዋ ይበልጥ ይጠብቃል። ዕድሜዋ 45 ሳይሞላ ያረጠች፥ ወይም ሁለቱም ዕጢዎችዋ በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት ግን ከዚህ ሕግ ትለያለች፤ አጥንትዋና ልብዋ ያለ ጊዜው ኤስትሮጅን ስላጡ፥ ከልካይ በሽታ ከሌለባት ቢያንስ በተፈጥሮ እስከሚታረጥበት ዕድሜ፥ ማለት እስከ 51 ዓመት ገደማ፥ እንድትወስድ ይመከራል።

ለመተው ሲፈለግ ባንድ ጊዜ ማቆምም መጠኑን እየቀነሱ መሄድም ይቻላል። ሙቀቱ ለጥቂት ሳምንታት ቢመለስ መድኃኒቱ ሱስ ሆነብኝ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ይበርዳል፥ ካልበረደም ወደ ሐኪሙ ተመልሶ መመካከር ይቻላል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃት ሴትም ቀኑ ሳይደርስ ይህን መድኃኒት እንደምትወስድ ለቀዳጁ ሐኪም ትንገረው። የክኒኑን መያዣ ሳትጥል ይዛ ብትሄድ ስሙንና መጠኑን ከዚያው ላይ ያነብበዋል።